«ልቅጣው ወይስ ልሸልመው?» ላልሽው እናት

እህቴ፣ ጥያቄሽን በጥሞና አነበብኩት። የ6 ዓመቱ ልጅሽ ስልክ ሲወሰድበት መሬት ላይ ተዘርሮ እንደሚጮህ፣ ማታ 4 ሰዓት ሳይሆን እንደማይተኛ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ለትምህርት ቤት ሲቀሰቀስ እንደሚነጫነጭ፣ ገበታ ላይ ሁለት ጊዜ ጎርሶ እንደሚነሣ፣ የ3 ዓመቷ እህቱም እሱን መከተል እንደጀመረች ጽፈሻል። በመጨረሻም «ልቅጣው ወይስ ልሸልመው?» ብለሻል። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ለብዙ ዓመታትም በመዋዕለ ሕፃናት አስተምሬያለሁ። ስለዚህ መልሴ ቢረዝም አትቀየሚኝ።

እኔን ከጠየቅሽ፣ ለጊዜው አትቅጪውም፣ አትሸልሚውም። ቅጣትም ሽልማትም ነገሩ ከሆነ በኋላ የሚመጡ ናቸው። አንቺ የዘረዘርሻቸው ችግሮች ግን አብዛኞቹ የሚነሡት ቀደም ብሎ፣ ቀኑና ምሽቱ ከሚያልፍበት ሁኔታ ነው። ልጅ በምክር ብዛት አይለወጥም፤ ምክሩማ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። የሚለወጠው ዙሪያውን ስናስተካክልለትና እኛ ራሳችን ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ምላሽ ስንሰጠው ነው።

ከእንቅልፉ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነውና። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር መሠረት ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ የቀን እንቅልፉን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። አንቺ የጻፍሽውን ሳሰላው ልጁ የሚያገኘው 8 ሰዓት ተኩል ነው፤ ያውም ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ከወሰደው። ትልቅ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ያዛጋል፣ ይፈዝዛል። ልጅ ግን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ይቅበጠበጣል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፣ ያለቅሳል። እኛም «ባለጌ ሆነ» እንላለን። በማስተምርበት ጊዜ ጠዋት ጓደኞቹን ሲገፈትር ለዋለ ልጅ እናት የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛ?» የሚል ነበር። መልሱ ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ አያስፈልገውም።

የመኝታ ሰዓቱን ግን በአንድ ቀን ከ4 ሰዓት ወደ 2 ሰዓት ተኩል ልትጎትቺው አትሞክሪ፤ ዓይኑን አፍጥጦ ከአንቺ ጋር ሲሟገት ያመሻል። መጀመሪያ የመነሻ ሰዓቱን አጽኚ። ቅዳሜና እሁድም ቢሆን ከዚያ ብዙ አይራቅ። ከዚያ የመኝታውን ሰዓት በየጥቂት ቀኑ በ15 ደቂቃ ቀደም እያደረግሽ ሂጂ። ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ስክሪን የሚባል ነገር አይታይ፤ ብርሃኑ እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ያዘገየዋል፤ የሚያየው ነገርም አእምሮውን ያነቃዋል። ስልኩ ሌሊቱን ከመኝታ ክፍሉ ውጪ ይደር። ቀኑን ደግሞ ይሩጥበት፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ልብ ከፍ አድርጎ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። ሮጦ የዋለ ልጅ ለመተኛት ልመና አያስፈልገውም።

የቀረው ቅደም ተከተል ነው። መታጠብ፣ ጥርስ መቦረሽ፣ የሌሊት ልብስ መልበስ፣ አንድ ተረት፣ መብራት ማጥፋት። የቱን እንደምትመርጪ ግድ የለም፤ ከመረጥሽ በኋላ ግን አይለዋወጥ። ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ካወቀ ትእዛዙን ከአንቺ አፍ መጠበቁን ይተዋል። (ጥርስን ካነሣሁ አይቀር፣ እስከ 7 እና 8 ዓመቱ ድረስ ብቻውን በደንብ ይቦርሻል ብለሽ አትመኚ፤ እሱ ይጀምር፣ አንቺ ጨርሺለት። ለትንሿ የጥርስ ሳሙናው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃታል።)

ወደ ስልኩ ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ይህ ለልጅቷ ነው። ለትልቁ ገደቡን የምታወጪው አንቺ ነሽ፤ በደቂቃ ከመለካት ይልቅ ግን በቀኑ ውስጥ ቦታ ስጪው፦ «የቤት ሥራ ካለቀ በኋላ፣ እራት እስኪቀርብ»። የ6 ዓመት ልጅ ግማሽ ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ በቅጡ አይገባውም፤ እራት መቅረቡን ግን ያያል።

ጩኸቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከአወሳሰዱ ነው። ወላጅ ከሌላ ክፍል ሆኖ «በቃ አጥፋ!» ይላል፤ ልጁ አይሰማም፤ ይደገማል፤ በመጨረሻ ወላጅ ተናዶ መጥቶ ይነጥቃል። ከትንሹ ልጄ ጋር የማደርገውን ልንገርሽ። ሄጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳልል የሚያየውን አያለሁ። «ይኼ ቀዩ ማን ነው? ለምንድን ነው የሚሸሸው?» እላለሁ። ማስረዳት ይጀምራል፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ቢሆንም ልቡ ወደ እኔ ዞሯል ማለት ነው። «ይህ ሲያልቅ እንዘጋለን፤ የምትዘጋው አንተ ነህ» እለዋለሁ። ሲያልቅ እጄን ዘርግቼ እጠብቃለሁ፤ ራሱ ያጠፋዋል፣ ራሱ ያስረክበኛል። ሁልጊዜ ይሳካል አልልሽም። ከመንጠቅ ጋር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ከዚያም በኋላ ቢጮህስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚሸነፈው። ቢ.ኤፍ. ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በአይጦችና በርግቦች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ያሳየው አንድ ነገር አለ፦ ሁልጊዜ ከሚሸለም ባሕርይ ይልቅ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሸለመው ባሕርይ ለማጥፋት ያስቸግራል። አራት ቀን እምቢ ብለሽ በአምስተኛው ቀን እንግዳ ፊት ስላፈርሽ ስልኩን ብትሰጪው፣ ልጁ የሚይዘው እምቢታሽን አይደለም። «ጠንክሬ ከጮህኩ አንድ ቀን ይሳካል» የሚለውን ነው። ሌላም አለ። ጩኸቱ ምንም እንደማያስገኝለት ሲያይ መጀመሪያ ላይቀንስ ይችላል፤ እንዲያውም ሊብስበት ይችላል። ወላጅ «ይህ ዘዴ አልሠራም» ብሎ የሚተወው እዚያው ላይ ነው፤ ዘዴው መሥራት የጀመረው ግን ገና ያኔ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ እንግዳ በሚበዛበት ወይም አንቺ በታመምሽበት ሳምንት አትጀምሪው። ልትዘልቂበት የማትችዪውን እምቢታ አፍሽ ላይ አታምጪው። ልትፈቅጂለት ካሰብሽም ሳይጮህ በፊት ፍቀጂለት።

በሚጮህበት ሰዓት ራሱን እንዳይጎዳ እያየሽ አጠገቡ ሁኚ። አትምከሪው፤ ያ የስብከት ሰዓት አይደለም። «ተናደሃል፤ ገብቶኛል፤ ስልኩ ግን ለዛሬ በቅቷል» ብለሽ ዝም በይ። ሲበርድለት እቀፊው፤ ነገሩንም መልሰሽ አታንሺበት። እቅፉ ሽልማት ይሆንበታል ብለሽ አትስጊ፤ የፈለገው ስልኩን ነበር፣ እሱን አላገኘም።

ይህ ሁሉ ግን በቤቱ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ካልተስማሙ ውኃ ይበላዋል። እናት የከለከለችውን አያት በጓሮ በር ከሰጡ፣ ልጁ ሕጉን ትቶ ማንን መለመን እንደሚያዋጣ ይማራል። አያትን መውቀስ ደግሞ ቅያሜ እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም። ይልቅ ሥራ ስጪያቸው፦ «እማማ፣ የማታውን ተረት እርስዎ ቢነግሩልኝ» በያቸው። የሕጉ ባለቤት ሲሆኑ ጠባቂውም እሳቸው ይሆናሉ።

«ሁለት ቢቀምስ ይስተካከላል» የሚሉሽ ሰዎች አይጠፉም። ዱላ ልጅን ለዚያች ደቂቃ ጸጥ እንደሚያሰኝ አልክድም። በእኔ ዕይታ ግን ከዚያ በኋላ የሚማረው መደበቅን ነው። ደግሞም እህቱ ታያለች። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ባደረገው ሙከራ፣ አዋቂ ሰው አንድን ትልቅ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት በኋላ አሻንጉሊቱን ሲያገኙ ያንኑ አደረጉበት። የ3 ዓመቷ ልጅ የምትቀዳው ወንድሟን ብቻ አይደለም፤ አንቺንም ትቀዳለች። ስለዚህ ገበታ ላይ የእናትና የአባትም ስልክ ይነሣ፤ ይህን ሳታደርጊ ስለ ስልክ አታስተምሪው።

ሽልማትን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ አልቃወምም፤ ግን እፈራዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ወስዶ ለከፊሎቹ «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አላቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲታዩ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ነበር በሥዕል የሚያሳልፉት። ሽልማቱን ሳይጠብቁት ያገኙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ስለዚህ ልጅሽ ወዶ የሚያደርገውን ነገር በሽልማት አታርክሺበት። ምስጋና ግን አትንፈጊው፤ ያየሽውንም ለይተሽ ንገሪው። «ጎበዝ» ብቻ ከማለት «ሳልነግርህ ቦርሳህን ቦታው ላይ ሰቀልከው» ማለት ይበልጣል። ቦርሳውን የሚሰቅልበትንም በእሱ ቁመት ልክ አድርጊለት፤ የማይደርስበት መስቀያ ላይ «ስቀል» እያሉ መጨቅጨቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ምግቡን በጣም አትጨነቂበት። ኤሊን ሳተር የተባለች የሥነ ምግብ ባለሙያ ያስቀመጠችው ክፍፍል ለእኔ ሠርቶልኛል፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን የሚወስነው እሱ ነው። ከምግብ በፊት ጣፋጭና መክሰስ ካላገኘ ርቦት ይቀርባል። አዲስ ምግብ መጠራጠር በዚህ ዕድሜ ያለ ነው፤ ዐሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ገበታ ላይ ሊቀርብ ይችላል፣ ሳይቀምሰው። «ይህን ከጨረስክ ጣፋጭ እሰጥሃለሁ» ግን አትበዪው፤ ጣፋጩን አንግሠሽ ምግቡን ቅጣት ታደርጊዋለሽ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሪ። በመጀመሪያው ወር የመነሻ ሰዓቱንና የምሽቱን ቅደም ተከተል ብቻ ያዢ፤ ስልኩ ይከተላል፤ ምግቡ ይቆይ። «ልማድ በ21 ቀን ይጸናል» የሚባለውን አትመኚው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በአዋቂዎች ላይ ባደረጉት ጥናት አንድ አዲስ ልማድ እስኪጸና በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ ከሰው ሰው ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ተለያይቷል።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር ግን አለ። ልጁ ተኝቶ ሳለ ጮክ ብሎ ያንኮራፋል? ትንፋሹ ቆም ብሎ እንደገና ሲቀጥል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? በአፉ ነው የሚተነፍሰው? እንደዚያ ከሆነ የመኝታ ሰዓቱን ብታስተካክዪም እንቅልፉ አያርፍም፤ መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ዛሬ ማታ ጠጋ ብለሽ አዳምጪውና ጻፊልኝ።