ፕሮግራሞች «ይነጋገራሉ» ይባላል?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ በአማርኛ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ «በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠሩ ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ» ብዬ ጻፍሁ። አማርኛ የሚያስተምር ባልደረባዬ «ነፍስ የሌለው ነገር አይነጋገርም፤ ‹ግንኙነት ያደርጋሉ› በል» ብሎ አረመኝ። ማንኛችን ነን ትክክል?

መልስ፦ የነፍሱ ጉዳይ ብዙ አያከራክርም። ከደጀን ወርዶ ዓባይን የሚሻገር ሾፌር መኪናው ዳገት ላይ ሲቆምበት «አልወጣ አለኝ» ይላል። በሩ «አልከፈት» ይላል፣ እርጥቡ እንጨት «አልነድ» ይላል። «አልወጣ» በአንደኛ መደብ የቆመ ግስ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ተናጋሪው መኪናው ራሱ ነው። ይህ የቅኔ አነጋገር አይደለም፣ የዕለት ተዕለት አማርኛ ነው። ግዑዙን በገዛ አንደበቱ እምቢ የሚያሰኝ ቋንቋ ፕሮግራሞችን ማነጋገር አይከብደውም። የባልደረባዎን እርማት የማልቀበለው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። «ግንኙነት ያደርጋሉ» ሕያው ግስ ነጥቆ ስምና «ማድረግ» ይተካል፤ «ይገናኛሉ» እያለልን ምን ያስፈልጋል? በዚያ ላይ ተገናኝተው ምን እንደሚሠሩ አይነግረንም።

እኔ «ይነጋገራሉ»ን የምጠረጥረው በሌላ በኩል ነው። ግሱ ነገሩ ሄዶ መመለሱን ይናገራል፣ በኮምፒውተር ውስጥ ግን ሁልጊዜ አይመለስም።

ነገረ፣ ተነጋገረ። ለወጠ፣ ተለዋወጠ። ጠየቀ፣ ተጠያየቀ። መካከለኛዋ ፊደል ትደገማለች፣ ፊተኛዋም ራብዕ ትሆናለች፦ ጋገ፣ ዋወ፣ ያየ። ሌሎች ግሶች ሳይደግሙ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ራብዕ ያደርጋሉ፤ ከፈለ ብሎ ተካፈለ፣ ገደለ ብሎ ተጋደለ እንደሚባለው። አንባቢው እነዚህን ቅርጾች ሲያይ አድራጊውም ተደራጊውም ሁለቱም ወገኖች እንደሆኑ ያውቃል። ለጎጃም ተማሪ ልዩነቱን በደቦና በወንፈል ማስረዳት ይቻላል። በደቦ ጉልበቱ ወደ ባለ እርሻው ይሄዳል፤ በወንፈል ዛሬ ለወጣልኝ ሰው ነገ እኔ እወጣለታለሁ።

አሁን ወደ ማሽኑ እንግባ። ኮምፒውተሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን የማስታወሻ (የሜሞሪ) ክፍል ከልሎ ይሰጠዋል፤ አንዱ የሌላውን ክልል እንዲሁ ዘው ብሎ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ መረጃ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በከፈተው መንገድ ነው። ለዚህ ሥራው አማርኛ «አቀባባይ» የሚል የደረሰ ቃል አለው፤ ገበያ ላይ የምናውቀውን ሰው እዚህም ብናውለው ደስ ይለኛል።

ከመንገዶቹ አንዱ ፓይፕ ነው። ዩኒክስ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ውስጥ በዳግ ማክኢልሮይ ሐሳብ አመንጪነት፣ በኬን ቶምፕሰን እጅ በፈረንጆች 1973 ሥራ ላይ ዋለ። ተማሪዎ የፋይል ስም የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ይጽፋል፣ ቀጥ ያለች ቁም መስመር ያሰምራል፣ ከዚያ መስመር የሚቆጥረውን ትእዛዝ ያስከትላል። ዘርዛሪው የጻፈው ሁሉ ወደ ቆጣሪው ይፈስሳል፤ ቆጣሪው በዚያች መስመር ለዘርዛሪው የሚመልሰው አንዳች የለም። እዚህ «ይነጋገራሉ» ካልን ተማሪውን አሳሳትነው። «ዘርዛሪው ለቆጣሪው ያቀብለዋል» ይበቃል፤ ማን አቀባይ፣ ማን ተቀባይ እንደሆነም ይለያል።

በሁለቱም አቅጣጫ የሚያስኬደው መንገድ፣ ሶኬት፣ ግን የእርስዎን ቃል በሙሉ መብት ይቀበላል። ተማሪው በራሱ ላፕቶፕ ላይ ድረ ገጽ ሲሠራ ብሮውዘሩ ማሽኑ ራሱን በሚጠራበት በ127.0.0.1 አድራሻ እዚያው ማሽን ላይ ያለውን ሰርቨር፣ ገጹን የሚያቀርበውን ፕሮግራም፣ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩም ይመልሳል። ይነጋገራሉ።

የጋራ ማስታወሻ ሌላ ነው። ሁለቱ አንድን የማስታወሻ ክፍል ይከፍቱና ሁለቱም ያነቡበታል፣ ይጽፉበታል። የሚላክ ነገር የለም፤ ፈጣን የሆነውም መረጃው ከቦታ ቦታ ስለማይገለበጥ ነው። ግሱ «ይጋራሉ» ነው። ያለ ሥርዓት በአንድ ጊዜ ሲጽፉበት «ይሻማሉ»፣ ጽሑፉም ይበላሻል። ይህን ለመከላከል ቁልፍ ይበጅለታል፤ ቁልፉን የያዘው ብቻ ይጽፋል። ቁልፎቹ ሁለት ሲሆኑ፣ አንዱ የመጀመሪያውን ቁልፍ፣ ሌላው ሁለተኛውን ይዞ እያንዳንዱ የሌላውን ቁልፍ የሚፈልግ ከሆነ ግን ሁለቱም እንደቆሙ ይቀራሉ።

«እርስ በርስ» የግድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። «ተጠባበቀ» ብቻውን በጉጉት ጠበቀ ማለትም ስለሚሆን «ፕሮግራሞቹ ይጠባበቃሉ» ቢባል ተማሪው ምን እንደሚጠብቁ ይጠይቃል። «እርስ በርስ ይጠባበቃሉ» ሲባል ነገሩ ይገባል። «ይላላካሉ»ም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፣ ተላላኪነትን ያስታውሳልና፤ «መልእክት ይላላካሉ» ይበሉ። በ«ይነጋገራሉ» ላይ ግን «እርስ በርሳቸው» ለማጽናት ካልሆነ ትርፍ ነው። ግሱ ራሱ ተናግሮታል።

ሲግናልን፣ ማለትም ለፕሮግራም የሚላከውን አጭር ምልክት፣ ከንግግር አልቆጥረውም። አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚደርሰው። ቁጥር 15 «ዝጋና ውጣ» ነው፤ ፕሮግራሙ ከፈለገ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል። ቁጥር 9 ከመጣ እምቢ ማለት የለም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያስወጣዋል። «ይጠቁማል» ወይም «ምልክት ይሰጣል» ይስማማዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ግሶች ብዙ ቁጥር ይወዳሉ፣ ወይም እንደ «ሕዝቡ ተነጋገረ» የብዙዎች ስም ይፈልጋሉ። ስለ አንድ ፕሮግራም ሲጽፉ «ጋር» ያስገቡ፦ «ብሮውዘሩ ከሰርቨሩ ጋር ይነጋገራል»። «ብሮውዘሩ ይነጋገራል» ብሎ መተው ዐረፍተ ነገሩን ያጎድለዋል።

የማስታወሻዎን መክፈቻ እኔ ብጽፈው እንዲህ አደርገው ነበር፦ «በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠሩ ፕሮግራሞች በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አቀባባይነት መረጃ ያቀብላሉ፣ ይነጋገራሉ፣ ማስታወሻም ይጋራሉ።» ሦስቱን ግሶች በሦስት ንዑስ ርዕስ ቢከፋፍሏቸው ምዕራፉ ራሱ ይወጣልዎታል።