ትራከሩ ለ3 ሰዓት ሲቆም እርስዎ የት ነበሩ?

ጥያቄ፦ አዊ ዞን ውስጥ በአንድ የባሕር ዛፍ ልማት ድርጅት በሞተር መጋዝ ዛፍ እቆርጣለሁ። የምሠራው ብቻዬን ነው። ድርጅቱ «ለደኅንነትህ» ብሎ ያለሁበትን ቦታ የሚያሳይ፣ ሲም ካርድ ያለው ትራከር አስፈርሞ ሰጠኝ። ማታ ቤቴ ስገባም፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድም ያየኛል። ባለፈው ወር ደግሞ «መሣሪያው ለ3 ሰዓት አንድ ቦታ ቆሟል፤ አልሠራህም» ተብዬ የ2 ቀን ደመወዝ ተቆረጠብኝ። አልይዝም ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቁኝን ባጭሩ ልመልስና ያልነገሩኝ ላይ እንቆይ።

በሥራ ሰዓት አልይዝም ማለት አያዋጣዎትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ሲያስገድድ፣ ሠራተኛውንም እንዲጠቀምበት ያዘዋል። ከሥራ ሰዓት ውጭ ግን ሌላ ነው። የት እንዳሉ የሚያሳይ መረጃ የግል መረጃ ነው፤ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ከዚያ ጋር ለማይሄድ ዓላማ ሊውል አይገባም። ማታ ሲወጡ መሣሪያውን ለኃላፊው ያስረክቡ፣ ሰዓቱ መዝገብ ላይ ይስፈር፣ ጠዋት ባትሪው ሞልቶ ይረከቡት። ይህን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በእርስዎ የጽሑፍ ስምምነት ነው፤ ያም ቢሆን ከወር ደመወዝዎ ሲሶ ማለፍ የለበትም። ድርጅቱ «ላልሠራው አልከፍልም» ብሎ ይከራከር ይሆናል። ለ3 ሰዓት የ2 ቀን ደመወዝ ግን በዚህም አይገለጽም። የዚያን ቀን የአጣናና የማገር ቆጠራ ካለ ይያዙት። የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳልና፣ ማለትም ጊዜው አልፎበት አይሰማምና፣ አይዘግዩ።

አሁን ወዳልጻፉት። መሣሪያው ሲቆም እርስዎ የት ነበሩ? ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት፤ የለም። መጋዝ ለሚይዝ ሰው ደረት ላይ የሚንጠለጠል ነገር እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ኮትዎ ኪስ ውስጥ ከተው፣ ኮቱን ከምሳ ዕቃዎ ጋር ጉቶ ላይ ትተው ከሆነ ለጠበቃዎ አይደብቁ። ጉዳይዎ የሚነሳውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱን ልንገርዎ። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ከሕክምናው ሌላ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከግማሽ ያላነሰ ይከፈላል። አሠሪውን ከዚህ የሚያስወጣው አንዱ በር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 96 ላይ ያለው ነው፤ ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት ትእዛዝ ከጣሰ ጉዳቱን ሆን ብሎ በራሱ ላይ እንዳደረሰ ሊቆጠር ይችላል።

ሠራተኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ እዚህ ነው። መሣሪያውን ሲረከቡ የፈረሙትን ወረቀት አልላኩልኝም። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይገኛል። አንዱ «ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊነቱ የራሴ ነው» ይላል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህን ነው፤ ግን የሥራ ውል ሕጉ ከሰጠው መብት የሚያንስ ሁኔታ ሊያስቀምጥ ስለማይችል ይህ ቃል ብቻውን አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ከሱ በላይ ያለው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠው ነው፦ «አጠቃቀሙ ተገልጾልኛል፤ ሁልጊዜ ከሰውነቴ ሳልለይ እንድይዝ ታዝዣለሁ።» ይህ ግልጽ ትእዛዝ እንደነበረ የሚመሰክር፣ በራስዎ እጅ የተፈረመ ማስረጃ ነው። መሣሪያው ጉቶ ላይ ተቀምጦ ቅርንጫፍ ቢወድቅብዎት ድርጅቱ መጀመሪያ የሚያወጣው ይህን ወረቀት ነው። ትራከር ዛፍ እንዳይወድቅ አያደርግም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ነገር ግን በዚህ ክርክር ብቻ ተማምነው ጫካ አይግቡ።

ድርጅቱም በራሱ ማስረጃ ተይዟል። ብቻውን በመጋዝ የሚሠራ ሰው ለ3 ሰዓት ሳይነቃነቅ ሲታይ ማን ደወለ? ማን መጣ? መሣሪያው እንቅስቃሴ ሲቆም ድምፅ የሚያሰማና መልእክት የሚልክ ከሆነ፣ ያ መልእክት ለማን ደረሰ? ለደመወዝ ቆጠራ የታየው መዝገብ ለነፍስ አድን አልታየም ማለት ነው። የዚያን ቀን መዝገብ ግልባጭ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የራስዎን መረጃ የማየት መብት አለዎት።

መሣሪያውንም ይወቁት። ጂፒኤስ ከሳተላይት የሚቀበለው ቦታውን ለማወቅ ነው፤ ለሌላ ሰው የሚናገረው ግን በሲም ካርዱ፣ በስልክ ኔትወርክ ነው። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ከሌለ፣ ካርዱ ካለቀ ወይም ባትሪው ከሞተ መሣሪያው ላይ ያለውን የእርዳታ መጥሪያ የአደጋ ቁልፍ ቢጫኑ የሚሰማ የለም። በዳታ ብቻ የሚልክ ከሆነ ዳታ ሲቋረጥ ዝም ይላል፤ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚልክ ከሆነ ግን ሊሠራ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። ሰውነት ምልክቱን ስለሚከልል፣ ወድቀው ቢተኙበት ሊታፈን ይችላል፤ ትከሻ ላይ ቢታሰር ይሻላል።

ስለዚህ ለኃላፊው አስቀድመው ነግረው ይሞክሩት፤ ሳይነግሩ ከሞከሩ «በሐሰት አስደነገጠን» ይባላሉ። አንዴ ጋራው ላይ፣ አንዴ ጥቅጥቅ ያለው ዛፍ ሥር፣ አንዴ ሸለቆው ውስጥ ቁልፉን ይጫኑ። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ማን እንደደወለ ደብተር ላይ ይጻፉ፤ አብሮዎት ያለ ሰው ይፈርም። ከዚያ ለኃላፊው እንዲህ ብለው ይላኩ፦ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ ቁልፉን ተጭኜ መልስ አላገኘሁም። እንዲስተካከል ወይም ሰው እንዲመደብልኝ እጠይቃለሁ።» ቀኑ ተመዝግቦ ስለሚቀር በስልክ መልእክትም ይላኩት። ጉድለትን ማሳወቅ ሕጉ በሠራተኛው ላይ የጣለው ግዴታ ነው፤ ይህን ያደረገ ሰው ትእዛዝ ጣሰ ለማለት ይከብዳል።

ሌላም የዘለሉት አለ፤ ለምን ብቻዎን? መጋዝ ጭን ላይ ያለ ትልቅ የደም ሥር ከቆረጠ ጊዜው የደቂቃ ነው፤ ትራከር ደም አያስርም። ሁለተኛ ሰው፣ ኪስ ውስጥ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ በየሰዓቱ የሚደወልለት የታወቀ ሰው፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ መኪና፤ እነዚህን በጽሑፍ ይጠይቁ። እምቢ ካሉ በወረዳዎ ላለው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያመልክቱ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ውልዎን ይዩት። የሚከፈልዎ በደመወዝ ነው ወይስ በቆረጡት ልክ፣ «በራሴ ኃላፊነት እሠራለሁ» በሚል የኮንትራት ወረቀት? አሠሪዎ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የሚገዛዎት ሌላ ሕግ ነው፤ ከላይ ያልኩት ላይሠራ ይችላል። ውሉን፣ የርክክብ ወረቀቱን፣ የደመወዝ ወረቀቱን፣ ቆጠራውንና ደብተሩን ይዘው በአካል ጠበቃ ያማክሩ። የርክክብ ወረቀቱ ግልባጭ ከሌለዎት ነገ ጠዋት ሥራ ሲገቡ መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ። መሣሪያውንም ትከሻዎ ላይ አስረው ይግቡ።