«ቤቱ በስሜ ነው» ስላለኝ ባዶ እጄን ልውጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? ዕድሜዬ 34 ነው። ከተጋባን 9 ዓመት ሆነን፣ የ7 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን። ተመትቼ አላውቅም፣ ግን ላለፉት ሁለት ዓመታት በአንድ ቤት እንደ ደባል ነው የምንኖረው። መፋታት እንደምፈልግ ስነግረው «ከፈለግሽ ውጪ፣ ቤቱ በስሜ ነው፣ ልጆቹንም አታገኚያቸውም» አለኝ። ቤቱን የገዛነው በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው። ከአባቱ የወረሰው ሱቅም አለ፣ አከራይቶታል። እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ ደሞዜ ለአስቤዛና ለልጆቹ ትምህርት ቤት ስለሚያልቅ ያስቀመጥኩት ነገር የለም። ሰሞኑን ደግሞ «ለብድር ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» ብሎ ወረቀት አምጥቷል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያቺን ወረቀት። አትፈርሚ። «ላንብበው» በይው፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ከዚያ የሕግ ሰው ይየው። ምናልባት እንዳለው ተራ ብድር ይሆናል። ቤቱን በመያዣነት የሚያስይዝ ከሆነ ግን ነገ ቤት ልካፈል ብለሽ ሄደሽ ዕዳ ተካፍለሽ ትመለሻለሽ። የጋራ ቤት ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል። ሳትስማሚ ቢያደርገው፣ ባወቅሽ በ6 ወር ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችያለሽ፣ ውሉ ከተፈጸመ 2 ዓመት ካለፈው ግን አይሆንም። አንዴ ከፈረምሽ ደግሞ «አልተስማማሁም» የምትይበት አፍ የለሽም።

አሁን ወደ ዋናው። የምነግርሽ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ነው። ይሄ ሕግ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። ብዙ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። በዋና ዋናው ይቀራረባሉ፣ በዝርዝሩ የሚለያዩበት ቦታ ስላለ ክልል ከሆንሽ የክልልሽን አስጠይቂ።

«ቤቱ በስሜ ነው» የምትለዋን አባባል አምኖ ስንቱ ሰው እንደቀረ ቤት ይቁጠረው። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «የለም፣ የግሌ ነው» የሚል ሰው ራሱ ነው ማስረዳት ያለበት። ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት የገዛችሁት ቤት የጋራችሁ ነው፣ በጋብቻ ውል ሌላ ካልተስማማችሁ በስተቀር ሲከፋፈልም እኩል ነው። የእሱ ደሞዝ ለቤቱ፣ ያንቺ ለሽንኩርትና ለደብተር ሄደ ተብሎ ድርሻሽ አይቀነስም።

ሱቁን እርሺው። ወርሶት ከሆነ የግሉ ነው፣ እሱ ላይ አትድከሚ። ኪራዩ ግን ሌላ ነገር ነው! ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ ትዳሩ እስካለ ድረስ የጋራ ነው። ታዲያ 9 ዓመት ሙሉ የተሰበሰበው ኪራይ የት ገባ? ባንክ ተቀምጦ ከሆነ ወይ ዕቃ ተገዝቶበት ከሆነ ያንቺም እጅ አለበት። ይቺን ነጥብ ብዙ ሰው ይስታታል፣ አቤቱታሽ ውስጥ ሳትገባ እንዳትቀር።

እህቴ ስትፋታ አብሬያት ፍርድ ቤት እመላለስ ነበር። የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ዳኛዋ የጋብቻ ማስረጃውን ዋና ቅጂ ጠየቋት። እጃችን ላይ የነበረው አንድ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ነው፣ ማኅተሙ ጥቁር እድፍ መስሎ የወጣ። ዋናው ባሏ ጋ ነበር። ሌላ ቀጠሮ ተሰጠን። ወጥተን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ያቺን ኮፒ ስታገላብጥ «9 ወር ሙሉ ሳለቅስ አንድ ቀን መሳቢያውን ብከፍት ኖሮ» አለችኝ። እና መሳቢያውን ክፈቺ። አሁን፣ ገና ሰላም እያላችሁ።

ምን ትፈልጊያለሽ? የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤቱ ካርታና የግዢ ውል፣ መኪና ካለ ሊብሬው፣ የሱቁ የኪራይ ውል፣ የምታገኚው ያህል የባንክ ስቴትመንት፣ ብድር ካለ የብድሩ ውል። ዋናዎቹን ይዘሽ አትጥፊ፣ ጭቅጭቅ ነው የሚያመጣው። አንድ በአንድ ፎቶ አንሺ፣ በተለይ የካርታ ቁጥሩና የሰሌዳ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበብ። ቁጥሩ ካለሽ ዋናው እሱ ጋ ቢሆንም ግድ የለም፣ ፍርድ ቤቱ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጽፎ ማስረጃውን ማስቀረብ ይችላል። ፎቶዎቹን ስልክሽ ላይ ብቻ አታስቀሪ፣ ስልክ ይጠፋል፣ ይከፈታልም። ለምታምኛት ሰው ላኪላት። የጋብቻ ወረቀቱ ከጠፋ ጋብቻውን ከመዘገበው አካል ቅጂ ይወጣል፣ ጭራሽ ካልተመዘገበም በምስክር የሚረጋገጥበት መንገድ አለ። የልጆቹን የትምህርት ቤት ደረሰኞችም ሰብስቢ፣ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በስምምነት መፋታት። ፍቺውንም፣ የልጆቹንም፣ የንብረቱንም ነገር በጽሑፍ ተስማምታችሁ ለፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ፣ ፍርድ ቤቱ በነፃ ፈቃዳችሁ መሆኑን አይቶ ያጸድቃል። ባልሽ አሁን ባለበት ሁኔታ ይሄ የሚሆን አይመስለኝም፣ ግን መጥሪያ እጁ ላይ ሲደርስ የሚለዝብ ብዙ ነው። ሁለተኛው ብቻሽን አቤቱታ ማቅረብ ነው። የእሱ ፈቃድ አያስፈልግሽም። ጥፋተኛነቱን የማረጋገጥ ግዴታም የለብሽም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት፣ ሌላ ምክንያት እያለ ይለያይ ነበር፣ ያ ቀርቷል። «አልመታኝም፣ ታዲያ ምን ብዬ ልከሰው?» ብለሽ የምትጨነቂ ከሆነ በቃ፣ አትጨነቂ። አብሬ መኖር አልፈልግም ማለት ይበቃል።

አቤቱታው ላይ ጋብቻው መቼ እንደተፈጸመ፣ ልጆቹን፣ የጋራ ንብረቱን ዝርዝር፣ የምትጠይቂውን ነገር ሁሉ ትጽፊያለሽ። የሰነድ ማስረጃና የምስክሮች ዝርዝር አብሮ ይያያዛል። መዝገብ ይከፈታል፣ ለእሱ መጥሪያ ይወጣል፣ መልስ ይሰጣል፣ ከዚያ ችሎት። ዳኛው መጀመሪያ ሊያስታርቁ ይሞክራሉ፣ አንድ ላይም ለየብቻም ያነጋግሯችኋል። እናንተው ወደመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች ሊመሯችሁ ይችላሉ። ያ ካልሆነ ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። የሽማግሌዎቹ ሪፖርት ከቀረበ ወይ የማሰቢያ ጊዜው ካለቀ በኋላ በ1 ወር ውስጥ ፍቺው መወሰን አለበት ይላል ሕጉ። ወረቀት ላይ ነው ይሄ። መጥሪያው አልደረሰም፣ ተጠሪው ጠበቃ አቆማለሁ አለ፣ እየተባለ ቀጠሮ ይገፋል። ንብረቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፍቺው በኋላ ነው የሚቋጨው፣ ረጅሙ እሱ ነው። ትዕግስቱን ከወዲሁ አዘጋጂ።

እስከዚያ ማን ምን ይበላል? አቤቱታውን ስታስገቢ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ጠይቂ። ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩ፣ ቀለብ ማን እንደሚከፍል፣ ንብረቱን ማን እንደሚያስተዳድር ፍርድ ቤቱ ወዲያው ማዘዝ ይችላል። ንብረቱ እንዳይሸጥ ከፈራሽ እግድ ጠይቂ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከቤት መውጣት ካለባችሁም ማን ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው፣ የልጆቹን ጥቅምና የሁለታችሁን ሁኔታ አይቶ። ስለዚህ «ውጪ» ስላለሽ ብቻ ሻንጣ አታንሺ። አንድ ነገር ግን፦ ነገሩ ወደ ዱላ ወይ ወደ ዛቻ ከሄደ ይሄን ሁሉ ተይውና ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ፣ ለፖሊስ አመልክቺ። ከቤት ስለወጣሽ ድርሻሽ አይቀርም።

ስለ ልጆቹ። «አታገኚያቸውም» የማለት ሥልጣን እሱ የለውም፣ አንቺም የለሽም። ፍርድ ቤቱ የሁለታችሁን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም አይቶ ይወስናል። እዚህ ላይ እናቶች የሚሳሳቱባት ነገር አለች። የድሮው ሕግ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ በመሠረቱ ከእናቱ ጋር ይሁን ይል ስለነበር፣ ትንሹ ልጅ በራሱ ጊዜ የእኔ ነው ብለው ይቀመጣሉ። አሁን ያ የለም። ልጆቹን በየቀኑ ማን እንደሚያሳድግ ማሳየት ይኖርብሻል። ደረሰኞቹ ለዚህ ነው። የክትባት ካርድ፣ የወላጅ ስብሰባ ላይ የፈረምሽበት ወረቀት፣ ሐኪም ቤት ያመላለሽበት ካርድ፣ ሁሉም ይጠቅማል። ልጆቹ አንቺ ጋ ቢሆኑም እሱ የማየት መብት ይኖረዋል፣ ቀለብም ይከፍላል። በተገላቢጦሹም ያው ነው።

ገንዘብ ከሌለሽ፣ የዳኝነት ክፍያውን መክፈል እንደማትችይ አስረድተሽ በደሃ ደንብ መክሰስ ይቻላል። ምክርና የሕግ ድጋፍ ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ይሰጣል፣ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። ሌላው ቀላል ነው፦ የጋራ ብር አውጥተሽ አትደብቂ፣ ፌስቡክ ላይ አትጻፊ፣ ሁለቱም ዞረው አንቺኑ ነው የሚመቱሽ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ከ3 ዓመት በፊት በሽማግሌዎች ፊት ተፋተን ወረቀት ተፈራርመናል። አሁን ሌላ ላገባ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ትልቅ ችግር። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ይችላሉ፣ ፍቺ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ወንድሜ፣ በሕግ ፊት ዛሬም ባለትዳር ነህ፣ እንዲህ ሆነህ ብታገባ በሌላ ትዳር ላይ ማግባት ይሆንብሃል፣ ወንጀል ነው። ተስማምታችሁ ከሆነ ግን ሥራው ቀሏል። ሁለታችሁም በስምምነት ለመፋታት አመልክቱ፣ ውሳኔው ሲወጣ በ30 ቀን ውስጥ ፍቺውን አስመዝግባችሁ የፍቺ ምስክር ወረቀት ውሰዱ። የሠርጉን ቀን ከዚያ በኋላ አድርገው።

ጥያቄ፦ ሳንጋባ 5 ዓመት እንደ ባልና ሚስት አብረን ኖረናል። ሊለየኝ ነው። ፍቺ መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ፍቺ አይባልም፣ ጋብቻ ስላልነበረ። ግን ባዶ እጅሽን አትቀሪም። እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖሩ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያ ጊዜ ያፈራችሁት ንብረት የጋራ ነው። ክርክሩ የሚሆነው «አብረን አልኖርንም» ካለሽ ነው። የጎረቤት ምስክር፣ የሁለታችሁም ስም ያለበት የኪራይ ውል፣ እንደ ባልና ሚስት የተጠራችሁበት የጥሪ ካርድ ሳይቀር አስቀምጪ።