«መጥቸ» ወይስ «መጥቼ»?

በአጭር ልብ ወለድዎ የጻፉትን «መጥቸ» አርታኢው በቀይ ስላሰመረበት ትክክሉ የቱ እንደሆነ ጠይቀዋል። «መጥቸ» ስሕተት አይደለም፤ በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ የተለመደ አነጋገር ሲሆን «መጥቼ» ደግሞ የሸዋና የአዲስ አበባ ነው። አጭር ልብ ወለድዎን የሚያወጣው መጽሔት በ«ቼ» እንዲጻፍ ከጠየቀ፣ የተራኪውን ክፍል በ«ቼ» ያስተካክሉ፤ በታሪክዎ ውስጥ ያሉት የጎጃም ደጀኗ እናት በራሳቸው አንደበት የሚናገሩትን ግን እንዳለ ይተዉት።

ልዩነቱ በሁሉም ግሥ ላይ አይታይም። «ነግሬ» እና «ሰብሬ» በሁለቱም ወገን አንድ ናቸው፤ ነገር ግን «ወስዶ» ያለው ሰው ስለ ራሱ ሲናገር «ወስጄ»፣ «ይዞ» ያለውም «ይዤ» እንደሚል፣ የግሡ የመጨረሻ ድምፅ ወደ ላንቃ ተጠግቶ በሚለወጥበት ቦታ የሰሜኑ ተናጋሪ ኃምሱን ፊደል («ጄ»፣ «ዤ») በግዕዙ («ጀ»፣ «ዠ») ተክቶ «ወስጀ»፣ «ይዠ» ይላል። ለሴት የሚባለው «ሂጂ» እና «ሂጅ»ም የዚሁ ዘመድ ነው። በእኔ እምነት «ቼ» ትክክለኛው ተደርጎ የተቆጠረው ማተሚያ ቤቱም ሬዲዮውም አዲስ አበባ ላይ በመሰባሰባቸው እንጂ ሰዋስው ስላደላለት አይደለም።

እርማቱን ግን በኮምፒውተሩ የመተኪያ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ እንዳይሠሩት። እኔ እንዲሁ አድርጌ የአንድ ሙሉ ጽሑፍ «ናቸው» ሁሉ «ናቼው»፣ «ቸር» የሚለውም «ቼር» ሆኖ ስላገኘሁት፣ እያንዳንዱን ገጽ እንደገና በዐይኔ ለመልቀም ተገድጃለሁ።