የድሮ የዒላማ ስድስት ጎራሾች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ድሮ የዒላማ ሽጉጦች ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ ጥያቄ ደረሰኝ። የምኖረው ኦሃዮ ነው። እነዚህን ሽጉጦች መሰብሰብ ከጀመርኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። «ስድስት ጎራሽ» ስል ጥይቱን የሚይዘው ከበሮ የሚሽከረከርበትን፣ ሪቮልቨር የሚባለውን ማለቴ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ የዒላማ ሽጉጥ ከሌላው ሽጉጥ በምን ይለያል? ሁሉም ዒላማ ይመታ የለ?

ይመታል። ግን የፖሊስ ወይም የኪስ ሽጉጥ የኋላ ማነጣጠሪያው ብረቱ ላይ የተቆረጠ ስንጥቅ ብቻ ነው። ጥይቱ ወደ ግራ ቢያደላብህ ምንም ማድረግ አትችልም። የዒላማው ሽጉጥ ማነጣጠሪያ ግን በትንሽ ካቻቢቴ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ይስተካከላል። አፈሙዙም ረዘም ይላል፣ ብዙውን ጊዜ 6 ኢንች ነው። ምላጩ ደግሞ ሳያንገራግር፣ ጥርት ብሎ ይለቃል።

ይህ ሁሉ የመጣው ከውድድሩ ነው። በድሮው የአሜሪካ ውድድር ተኳሹ በአንድ እጁ ብቻ ነው የሚተኩሰው። መጀመሪያ 10 ጥይት በ10 ደቂቃ፣ በዝግታ። ቀጥሎ 5 ጥይት በ20 ሰከንድ። ከዚያ 5 ጥይት በ10 ሰከንድ። ክንድህን ዘርግተህ አንድ ኪሎ ብረት ይዘህ ቁም እስቲ። እጀታው ለምን እንዲያ እንደተቀረጸ ያኔ ይገባሃል። እዚሁ ኦሃዮ፣ ካምፕ ፔሪ የሚባለው ቦታ ላይ ከ1907 ጀምሮ ብሔራዊ ውድድር ይደረጋል። ብዙዎቹ የድሮ ሽጉጦች እዚያ ያለፉ ናቸው።

ሁልጊዜ ኬ-22ን ታወድሳለህ። ጀማሪ በእሱ ይጀምር ትላለህ?

አዎ፣ ያለ ማመንታት። ይህን መልስ ረዘም ላድርገው፣ ምክንያቱም የምወደው ነገር ነው።

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ለረጅም ዘመን የሠራ የሽጉጥ ፋብሪካ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ እያለች፣ ኬ-22 ኦውትዶርስማን የተባለውን አወጣ። ሰው ገንዘብ ባጣበት ሰዓት ማን የዒላማ ሽጉጥ ይገዛል ትሉ ይሆናል። መልሱ ጥይቱ ነው። .22 የሚባለው ትንሹ ጥይት ርካሽ ነው። በትልቁ ጥይት አንድ ቀን በምትለማመድበት ገንዘብ በትንሹ ሳምንት ትለማመዳለህ።

በ1940 ሁለተኛው ዓይነት መጣ፣ ማስተርፒስ ተባለ። መምቻው፣ ማለትም ምላጩ ሲሳብ ወደ ፊት ወድቆ ጥይቱን የሚያስተኩሰው ብረት፣ አጭር መንገድ ነው የሚሄደው። የኋላ ማነጣጠሪያውም ስታዞረው ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይቆጥርልሃል። ግን ብዙም ሳይሠራ ፋብሪካው ወደ ጦርነቱ ሥራ ዞረ። የተሠሩት አንድ ሺህ ከጥቂት ናቸው። አንዱን በእጄ የያዝኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የኔ አልነበረም፣ ለመመለስ ግን እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946 መጨረሻ፣ ማስተርፒስ ተመልሶ መጣ። የመለያ ቁጥሩም ኬ ከሚለው ፊደል ጋር ከ101 ጀመረ። ቀጥሎ እህቶቹ ተከተሉ፦ ኬ-32 እና ኬ-38፤ ቁጥሩ የጥይቱን ስፋት ያመለክታል። እዚህ ላይ የፋብሪካው ሰዎች የሠሩትን ነገር ተመልከቱ። የአፈሙዙ ቀዳዳ ሲሰፋ ብረቱ ይቀንሳል፣ ሽጉጡም ይቀላል። ስለዚህ በአፈሙዙ ጀርባ ላይ የሚሄደውን ጠፍጣፋ ዘንግ ለአንዱ ሰፋ፣ ለሌላው ጠበብ አድርገው ሠሩት። ሦስቱም ጥይት ጎርሰው ሲመዘኑ እኩል 38.5 አውንስ እንዲሆኑ ነው፣ 1 ኪሎ ከ90 ግራም ገደማ። ተኳሹ በአንድ ቀን ሦስቱንም ቢቀያይር እጁ ልዩነቱን አያውቀውም። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ከላይ ብትመለከቷቸው የዘንጉን ልዩነት በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ከሦስቱ ኬ-32 ጥቂት ስለተሠራ ውድ ነው። ኬ-22 እና ኬ-38 ግን አሁንም ይገኛሉ።

ቁጥሩን ብቻ አይቼ የተሠራበትን ዘመን ማወቅ እችላለሁ?

ከቁጥሩ በፊት ብሎኑን ቁጠር። የድሮዎቹ አምስት ብሎን አላቸው። አራቱ የጎኑን ክዳን ይይዛሉ፣ ከነሱም አንዱ ከእጀታው እንጨት ሥር ተደብቋል። አምስተኛው ከምላጩ ቀለበት ፊት ለፊት ነው። በ1955 አካባቢ የክዳኑ የላይኛው ብሎን ቀረ፣ አራት ሆኑ። በ1961 አካባቢ ደግሞ የምላጩ ቀለበት ብሎን ቀረ፣ ሦስት ሆኑ። ሰብሳቢዎች «ባለ አምስት ብሎን ነው» ሲሉ ይህንን ማለታቸው ነው። ዋጋውም አብሮ ይጨምራል።

ቀጥሎ ከበሮውን ወደ ጎን ክፈትና ከበሮውን ከያዘው ክንድ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ከ1957 ጀምሮ ፋብሪካው የሞዴል ቁጥር ሰጠ። ኬ-22 ሞዴል 17 ሆነ፣ ኬ-38 ሞዴል 14፣ ኬ-32 ሞዴል 16። 17-1፣ 17-2 እያለ የሚቀጥለው ጭረት ደግሞ የተደረገ የአሠራር ለውጥ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የባዶ ቀለህ መግፊያው ዘንግ ጥርስ እስከ 1959 ገደማ እንደ ማንኛውም ብሎን ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን ተገልብጧል። ይህን ሳያውቅ በተቃራኒው አጥብቆ ያበላሸ ስንት ሰው አለ! የቱ እንደሆነ ካላወቅህ አትንካው።

እኔ አዛውንት ተንከባካቢ ሆኜ ነው የምሠራው። ስንከባከባቸው የነበሩት ሽማግሌ ሲያርፉ ልጆቻቸው አንድ የድሮ ሽጉጥ ሰጡኝ። ሰማያዊ ካርቶን ውስጥ ነው፣ ወረቀትና ትንሽ ካቻቢቴም አለው። አንድ ሰው 300 ዶላር ልስጥሽ አለኝ። ልሽጥለት?

እህቴ፣ አትቸኩዪ። ምንም ከማድረግሽ በፊት ባዶ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያረጋግጥልሽ። ቀጥሎ ሽጉጡ ወደ አንቺ የዞረበት መንገድ በግዛትሽ ሕግ ትክክል መሆኑን ጠይቂ። በኑዛዜ የመጣ እና በስጦታ የመጣ በሕግ አንድ አይደለም።

ከዚያ ካርቶኑን አትጣይ። ወረቀቱንም፣ ካቻቢቴዋንም። ሽጉጡን አትፈግፍጊው፣ አታስወልውዪው። በካርቶኑ ጠርዝ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከሽጉጡ ቁጥር ጋር አንድ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። የቀኙ የእጀታ እንጨት ጀርባ ላይም ቁጥሩ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፣ ግን ራስሽ አትፍቺው። ለምሳሌ ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ኦውትዶርስማን በጥሩ ይዞታ ላይ ካለ ከ1000 ዶላር በላይ ሲጠየቅበት ደጋግሜ አይቻለሁ። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን የታሪክ ፋውንዴሽን በክፍያ የፋብሪካውን መዝገብ አይቶ ሽጉጡ መቼና ለማን እንደተላከ በደብዳቤ ይገልጻል። ያንን ደብዳቤ አስመጪ። ከዚያ በኋላ መሸጥም ማስቀመጥም የአንቺ ፈንታ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን የሰውየው ማስታወሻ ነው፣ አስቀምጪው።

ቀለሙ የተፋቀ አለኝ። ባስቀባው ዋጋው ይጨምራል?

ይቀንሳል። በጣም ይቀንሳል። የራሴን ልንገርህ። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ኬ-38 ገዛሁ፣ እንደ መስታወት ያበራል። ሻጩ «ሳይነካ የቆየ ነው» አለኝ፣ አመንኩት። ቤት ገብቼ በደንብ ሳየው በብረቱ ላይ የተቀረጹት ፊደላት ጠርዛቸው ቀልጧል። የብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያው ጎድጉዷል። ከሁሉ በላይ መምቻውና ምላጩ ጥቁር ሰማያዊ ሆነዋል። ፋብሪካው እነዚህን ሁለቱን ሌላውን አካል የሚቀባውን ቀለም አይቀባቸውም። በእሳት የተጠናከሩ ስለሆነ ግራጫ፣ ቡናማና ሰማያዊ የተዥጎረጎረ መልክ ነው ያላቸው። አንድ ሰው ሁሉንም ነካክሮ ቀብቶታል ማለት ነው። ያንን ሽጉጥ አሁንም አለኝ፣ ለአዲስ ሰብሳቢዎች ማስተማሪያ አድርጌዋለሁ።

የተፋቀ ቀለም የሰው እጅ ታሪክ ነው። ተወው።

ኮልት ወይስ ስሚዝ?

ኮልት ሌላው የአሜሪካ የሽጉጥ ፋብሪካ ነው፤ ሁለቱንም እወዳለሁ። የኮልት ኦፊሰርስ ሞዴል ውብ ነው፣ በ1953 የመጣው ኦፊሰርስ ሞዴል ማች ደግሞ በተለይ። የኮልት ከበሮ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ የስሚዝ ወደ ግራ። የኮልትን መክፈቻ ወደ ኋላ ትስበዋለህ፣ የስሚዝን ወደ ፊት ትገፋዋለህ። ኮልት ሲተኮስ ከበሮውን ግጥም አድርጎ ይይዛል፣ ግን ያ የሚይዘው ክፍል ሲያልቅ የሚያስተካክል ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው። ለዚህ ነው ጀማሪን ወደ ስሚዝ የምልከው።

ከመግዛቴ በፊት ምን ልይ?

መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅድ፣ ከበሮውን ከፍተህ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ መምቻውን በአውራ ጣትህ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ሳበው። መምቻው ከመቆሙ በፊት ከበሮው ቀጭ ብሎ መቆለፍ አለበት። ስድስቱንም ቤት፣ ማለትም ጥይት የሚገባባቸውን የከበሮውን ቀዳዳዎች፣ እንዲሁ ሞክር። አንዱ ቤት ብቻ ቢዘገይም ችግር ነው። በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን አሳይተህ ተመልከት። እንደ ቀለበት ያለ ጥቁር ጥላ ካየህ አፈሙዙ አብጧል፣ ተወው። የ.22ቱን ምላጭ ደግሞ በባዶው አትሳብ። የመርፌው ጫፍ የቤቱን ጠርዝ ሊመታና ሊጎዳው ይችላል።

ከ1900 በፊት የተሠራ የዒላማ ሽጉጥ አለ?

አለ። ለምሳሌ ኮልት በ1894 ቢዝሊ የተባለውን ለገበያ አቀረበ። ስሙ የእንግሊዝ መንደር ስም ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር በ1890 ውድድሩን ከዊምብልደን ወደዚያ አዛወረ። እጀታው ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ መምቻው ዝቅ ያለ ነው፤ አንዴ ካየኸው አትረሳውም።

ፈቃድ ያስፈልጋል? አንዱን ወደ አገር ቤት ላባቴ ልውሰድለትስ?

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 የተሠራው እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይታያል። 50 ዓመት የሞላውና በመጀመሪያ ይዞታው ያለው ደግሞ ለሰብሳቢዎች ልዩ ፈቃድ አለው፤ 30 ዶላር ነው፣ ለ3 ዓመት። የየግዛቱ ሕግ ግን ይለያያል። ለአባትህ ግን ሌላ ስጦታ ውሰድላቸው። ከዚህ ማውጣቱም ፈቃድ ይጠይቃል፣ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ጥብቅ ቁጥጥር ታደርጋለች።

የኔን በሚያምር የቆዳ ማኅደር ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ደህና ነው አይደል?

አይደለም! ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት ኬሚካልም ብረት ይበላል። ቆንጆ የነበረ ኦውትዶርስማን በማኅደሩ ቅርጽ ልክ ዝጎ አይቻለሁ። ዛሬውኑ አውጣው፣ ስስ ዘይት ቀባው፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ አድርገው። ማኅደሩን ለብቻው አስቀምጠው።