በሬ ያለው ድሃ

ሰሞኑን አንድ የዘመድ ልጅ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ቤት መጥቶ እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፣ እኔ ታምሜ አላውቅም። ደሞዜ የቤት ኪራይ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ለጤና መድህን ብለው 3 በመቶ ቢቆርጡብኝ የማንን መታከሚያ ነው የምከፍለው?» እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ እሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሱም፣ በሱ ዕድሜ ላላችሁም አንድ ላይ ልጻፍ ብዬ ነው።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ሐኪም ግን አይደለሁም። ያረጀሁት ሂሳብ ክፍል ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ሰው ሆስፒታል ሲባል ነጭ ጋወን ይታየዋል፤ ከገጠር የመጣ በሽተኛ ግን መጀመሪያ የሚያየው ካርድ ክፍሉን፣ መጨረሻ የሚያየው የኔን መስኮት ነበር።

የማጫውታችሁ ነገር የሆነው በ1998 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ ነው፤ ቦታው ደቡብ ወሎ። ከቆላ ቀበሌ አንድ ልጅ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ፤ አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። አንጀቱ ተጠማዞ ሆዱ ከበሮ አክሏል። ድንገተኛ ስለሆነ ማስያዣ ሳይጠየቅ ሌሊቱን ኦፕራሲዮን ተደረገ፣ ዳነም። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ደስ ይላል። ሐኪሙ ውጣ ባለው ቀን ግን አባትየው ሂሳቡ የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ መስኮቴ ላይ ቆመ። ወረቀቱን አላነበበም፤ ማንበብም አይችልም፤ አጣጥፎ አጣጥፎ የክብሪት ቀፎ አሳክሎታል።

«የነፃ ሕክምና ወረቀት ከቀበሌ አላመጣህም?» አልኩት።

«ሄጄ ነበር ጌታው። በሬ አለህ አሉኝ።»

ያኔ አሠራሩ እንዲህ ነበር። መክፈል የማይችለውን ቀበሌው ይመለምላል፣ ስሙ በዝርዝር ይያዛል፣ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ወጪውን ወረዳው ለሆስፒታሉ ይተካል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን የወረዳው በጀት ጠባብ ስለሆነ ዝርዝሩም ጠባብ ነው። ምንም የሌለው ይገባል፣ ጥቂት ያለው ይወጣል። ይኸ ሰውዬ ያለው አንድ በሬ ነው። በአንድ በሬ እንደማይታረስ ታውቃላችሁ፤ ካላወቃችሁም እወቁት። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ መቀናጆ ይሆናል፤ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው በፈረቃ ዛሬ ያንተን ነገ የኔን እያሉ ያርሳሉ። ሰኔ ላይ እሱን በሬ መሸጥ ዓመቱን መሸጥ ማለት ነው።

ሆስፒታሉ መታወቂያውን ይዞ፣ ልጁን አልጋው ላይ አቆይቶ ላከው። ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ ሸጠ። በማግስቱ ሲመጣ ብቻውን አልነበረም፤ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ አብሮት አለ። ብሩን ከመቀነቱ ፈትቶ ሰጠኝ። አብዛኛው አምስትና አሥር ብር ነው፤ የላበ፣ የተጨማደደ። ስቆጥር ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። ሁለቱም እጄን ያያሉ። ደረሰኙን ቆርጬ ስሰጠው አብሮት የመጣው ሰውዬ ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ «የኔውስ በሬ ከማን ጋር ይጠመድ?» አለ። ቁጣ የለበትም። የእውነት መጠየቁ ነበር፤ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰው ይኸንንም ያውቃል ብሎ ገምቶ። መቀናጆው እሱ ነው ለካ። አንድ ልጅ ታመመ፣ ሁለት ቤት እርሻ አጣ። ሁለቱም መሬታቸውን ለባለ ጥንድ በሬ በእኩል ሰጥተው፣ በራሳቸው መሬት ላይ ግማሽ እህል ሊለቅሙ ነው።

የኔ ጥፋት ነው አልልም። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፤ ደረሰኝ ሳልቆርጥ ብለቅ ኖሮ ከደሞዜ ነበር የሚታሰበው። ከዚያ በኋላ «እንዲህ ያለው ሰው እህሉ ሲደርስ በየጊዜው እየከፈለ እዳውን ቢጨርስስ?» ብዬ ማስታወሻ ጽፌ አቅርቤ ነበር። ኦዲተር ምን ይላል ተባለ፣ መዝገብ ቤት ገባ፣ በዚያው ቀረ። ቁጭቱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ፤ የልጁ ፊት ጠፍቶብኛል፣ የዚያ የመቀናጆው ሰውዬ ጥያቄ አልጠፋም።

ስለዚህ አንተ «የማንን ነው የምከፍለው?» ስትለኝ፣ እኔ የሚታየኝ ያ መስኮት ነው።

የናንተ ትውልድ ነገር አንዳንዴ ይገርመኛል። ስለ ኦባማ ኬር፣ ስለ አሜሪካው የጤና መድህን ሕግ፣ ብጠይቃችሁ ከኔ የተሻለ ትተነትናላችሁ፤ በቀበሌያችሁ አንድ አባወራ ለጤና መድህን በዓመት ስንት እንደሚያዋጣ ብጠይቅ ዝም። ሜሪላንድ ያለችው የወንድሜ ልጅ ናት አንድ ጊዜ በስልክ ስንጫወት ያሳቀችኝ፤ የአሜሪካው ሕግና የኛው አዋጅ እኮ የወጡት በአንድ ዓመት ነው። የኛው ደሞዝተኛውንና ጡረተኛውን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ነው። የነሱ ሕግ ስንት ፍርድ ቤትና ስንት ምርጫ አልፎ ይኸው ይሠራል፤ የኛው ስንት ጊዜ ሊጀመር ነው ተብሎ ስንት ጊዜ ተራዘመ። በአዋጁ ዙሪያ የወጣው ስሌት ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ፣ ጡረተኛው 1 በመቶ ያዋጣል የሚል ነበር። ሠራተኛው አልቀበልም አለ፤ መምህሩም፣ የቢሮ ሠራተኛውም።

የገበሬው ግን ቀደመ። በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከነዚያ አንዱ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አባወራው ቤተሰቡን አስመዝግቦ እህል ሲገባ፣ እጁ ላይ ብር ሲኖር፣ የዓመቱን አንዴ ይከፍላል። ፎቶ የተለጠፈበት ደብተር ይሰጠዋል። የደሃ ደሃውን ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል፤ በጅምሩ ከተዋጣው ላይም የፌዴራል መንግሥት ሩቡን ያህል ይደጉም ነበር። ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል። የመጀመሪያዎቹ ባለ ደብተሮች መስኮቴ ላይ ሲቆሙ ገንዘብ አልተቀበልኩም፤ ፎርም ላይ አስፈርሜ ለወረዳው ይከፈል የሚል ሂሳብ ላክሁ። ነገሩን ስታዩት ተራ የወረቀት ሥራ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ደብተር የያዘው ሰው ስንት በሬ እንዳለው የጠየቀው የለማ!

እዚህ ላይ ስለ እድር አንድ ነገር ልበልና ልመለስ። ደሴ ያለው እድራችን ድንኳን አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ድስት አለው፣ ለቀብር ብር አለው። አንድ ዓመት አንዱ ተነስቶ፣ «ሰው ከሞተ በኋላ ከምንረዳ ታሞ ሳለ ለምን መታከሚያ አንሰጥም?» አለ። ጭቅጭቁ ስንት እሁድ ፈጀ! በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ፣ «ለሚድነው ሁሉ ከሰጠን ለሚሞተው ምን ይተርፈናል?» ብለው ቤቱን በሳቅ አፈረሱት፤ ሐሳቡም በዚያው ወደቀ። ሽማግሌው ግን ሳያውቁት የመድህንን ችግር ተናግረዋል። ሞት ለሁሉም አንድ ጊዜ ስለሆነ ሂሳቡ ይገመታል፤ በሽታ አንዱን አሥር ጊዜ ያመላልሰዋል፣ ሌላውን አይነካውም። በፈቃድ ብቻ ከሆነ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ቀድሞ ይመዘገባል፣ አንተን መሰሉ ጤነኛ ዓመቱ ሲያልቅ አያድስም፣ ቋቱ ይደርቃል። ጤነኛው የሚፈለገው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ራሴን ልቃወም። የ3 በመቶው ጉዳይ በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ በቀረበ ጊዜ አይሆንም ብለው እጅ ካነሱት አንዱ እኔ ነኝ። ከጨዋታዬ ጋር እንደማይገጥም ይገባኛል፤ ዛሬም ግን አልጸጸትበትም። የራሳችን ፋርማሲ መደርደሪያ ባዶ ነበራ! ሐኪሙ አምስት ዓይነት ያዝዛል፣ ሁለቱ ይገኛል፣ ሦስቱን «ከውጭ ግዙ» ነው። ደብተር ይዞ የመጣውም ገበሬ ያው ወጥቶ ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ይገዛል። ለመድህን ከፍሎ፣ ለመድኃኒትም ከፍሎ የሚመለስ ሰው በዓመቱ ደብተሩን ባያድስ ሰነፍ ነው ትሉታላችሁ? ሠራተኛውም የፈራው ይኸንኑ ነው። ስግብግብ ስለሆነ አይደለም፤ ወይም ስግብግብ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ስንፍና ካልኩ አይቀር ሌላም የሚያናድደኝ ንግግር አለ። ሴፍቲኔት፣ ለገጠሩ ደሃ እህልና ብር የሚሰጠው ፕሮግራም፣ ሕዝቡን ጠባቂ አደረገው የሚል። ይኸን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ካፌ ተቀምጠው ነው። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ የእኛን አካባቢ አውቀዋለሁ፤ ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ ነው የሚቀበለው፤ በነፃ የሚሰጠው መሥራት ለማይችል አቅመ ደካማ ነው። እርግጥ ነው፣ «ተመረቅህ» ተብሎ ከዝርዝር እንዳይወጣ ከብቱን ዘመድ ቤት የሚያስቀምጥ አለ። አይቻለሁ። ግን ለምን? አሁንም ያችው በሬ ናት። በሬ ከኖረህ እርዳታው ይቀራል፣ ልጅህ ከታመመ በሬው ይሄዳል። ታዲያ የትኛው ብልህ ሰው ነው በሬውን ደጁ ላይ አስሮ የሚያሳየው?

ለወጣቶች ምክር ሲባል ተማሩ፣ ቆጥቡ፣ ስፖርት ሥሩ ይባላል፤ እሱን ሌላ ሰው ይንገራችሁ። እኔ የምላችሁ የሂሳብ ሰው ነገር ነው። ደሞዛችሁ ላይ ይቆረጥ አይቆረጥ እያላችሁ ስትከራከሩ፣ ክርክራችሁ ቁጥሩ ላይ ብቻ አይንጠልጠል። ብሩ የት ቋት እንደሚገባ፣ ለሆስፒታሉ በስንት ጊዜ እንደሚከፈል፣ የታዘዘ መድኃኒት ሲጠፋ አባሉ ከውጭ ገዝቶ ያመጣው ደረሰኝ እንደሚተካለትና እንደማይተካለት ጠይቁ። የሆስፒታል ፋርማሲ የሚራቆትበት አንዱ ምክንያት ክፍያ መዘግየቱ ነው፤ ወረዳው ለወራት ካልከፈለ ሆስፒታሉ በምን ይግዛ? ይኸን ነገር በስብሰባ ላይ የሚያነሳ ወጣት ቢኖር እኛ ያኔ እጅ አናነሳም ነበር።

አንተ ደግሞ፣ ልጄ፣ ለጥያቄህ መልስ ይኸውልህ። የምትከፍለው የማታውቀውን ሰው መታከሚያ ነው፤ አዎ። ወላጆችህ ያሉበት ቀበሌ ምዝገባው እህል ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ዘንድሮ ደብተራቸውን አድሰው እንደሆን በስልክ ጠይቃቸው፤ ካላደሱ መዝጊያው ሳያልፍ ላክላቸው። ስለ 3 በመቶው ገና እንከራከራለን፤ እሁድ ና።