የፎቶግራፍ ጥያቄና መልስ፦ ቁጥቋጦ የወረሳቸው የድሬዳዋ ባቡሮች

ጥያቄ፦ አባቴ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ጋራዥ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል፤ እኔ የምኖረው ዋሽንግተን ነው። ባለፈው አገር ቤት ስገባ በግቢው የቆሙትን አሮጌ ፉርጎዎች በእኩለ ቀን ፎቶ አንሥቼ ነበር። ነገር ግን ዝገቱም ሆነ የበቀለባቸው ቁጥቋጦ በዓይኔ እንዳየሁት አልወጣም፤ ሁሉም ነጣ ያለ ቡናማ ሆኗል። በሚቀጥለው ጉዞዬ ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ጥፋቱ የካሜራዎ ሳይሆን የሰዓቱ ነው። በድሬዳዋ ረፋዱ ካለፈ በኋላ ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ጥላው ሁሉ ከፉርጎው ሥር ይገባል፤ የተላጠ ቀለምና የዝገት ቅርፊት ጎልቶ የሚታየው ግን ብርሃኑ ከጎን መጥቶ እያንዳንዱ ቅርፊት የራሱን ጥላ ሲጥል ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ይሥሩ። ለቅጠሉ አቋቋምዎን ይለውጡ፤ ፀሐይዋ ከቁጥቋጦው ጀርባ ስትሆን ብርሃኑ በቅጠሉ ውስጥ አልፎ አረንጓዴውን ያደምቀዋል፣ ብረቱም ጠቆር ብሎ ይለያል። በሌንሱ ላይ የሚገጠም የፖላራይዘር ማጣሪያ የቅጠልንና የመስኮት መስታወትን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ በተራቆተ ብረት ላይ ግን እምብዛም አይረዳም።

ወቅቱም ሊታሰብበት ይገባል። አብዛኛው ፎቶ አንሺ ከበልግ ወይም ከክረምት ዝናብ በኋላ ሁሉም ነገር ሲለመልም መሄድ ይመርጣል፤ በእርግጥም የረጠበ ዝገት ቀለሙ ይደምቃል። እኛ ግን በደረቁ ወቅት የተነሣው ይበልጥ ይናገራል ባዮች ነን፤ ግንዱ በየት በኩል ሰርጎ እንደገባ የሚታየው ቅጠሉ ሲሳሳ ነውና። ከተቻለዎ አንዱን ፉርጎ ከአንድ ቦታ ሆነው በሁለቱም ወቅት ያንሡት።

ዝገትን ብቻ አጉልቶ ማንሣት ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለ ፎቶ ግን የትም አገር የተነሣ ሊሆን ይችላል። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል፤ ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው በዚሁ ባቡር ምክንያት ነው። በአሮጌው መስመር በሁለቱ ሃዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ስፋት 1.435 ሜትር በመሆኑ እነዚያ ፉርጎዎች በአዲሱ ሃዲድ ላይ ሊሄዱ አይችሉም። እንግዲህ ጎማውን፣ ጠባቡን ሃዲድና በመካከሉ የበቀለውን ሣር በአንድ ፎቶ ቢያስገቡ፣ ፉርጎው ለምን እንደቆመም ይናገራል። በጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ለብቻው ያንሡ። አባትዎ ፎቶዎቹን አይተው የሚያስታውሱትን ቢነግሩዎ ከሥዕሉ ጋር ይጻፉት፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከሠራተኞቹ በቀር የሚነግርዎ የለም።

ፉርጎው ውስጥ ሲያነሡ የመስኮቱ ብርሃንና የውስጡ ጨለማ አይጣጣሙም፤ ካሜራውን በትሪፖድ (በባለሦስት እግር ማቆሚያ) አቁመው በተለያየ የብርሃን መጠን ደጋግመው ያንሡ። ወለሉ በስብሶ ሊሆን ስለሚችል ሳይፈትሹ አይርገጡ።

ግቢው የተተወ ቢመስልም ባለቤትና ጥበቃ አለው፤ ስለዚህ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ። ድሮን ይዞ ለመምጣትም አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ኤርፖርት ላይ ሊያዝብዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ የፉርጎውን ፊት የሸፈነ ቅርንጫፍ ቢቆረጥ፣ የዝገቱም ቀለም በኮምፒውተር ቢጎላ ነውር ነው?

መልስ፦ በጠፍጣፋ ብርሃን የደበዘዘውን ቀለም በመጠኑ መመለስ አያስነውርም፤ ዝገቱን ብርቱካን እስኪመስል ማጉላት ግን ማየት የሰለቸን ነገር ነው። ቅርንጫፉን አይቁረጡት፤ ፎቶ ሊያነሡ የሄዱት እሱን ጭምር ነውና። ካስቸገረዎ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ይበሉ።